ከመስመሩ ጎን የሄደው መቀስ

ሐሙስ፣ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ለበኩር ልጄ፣ ለቀኝ እጄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ታይፒስቷ «ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም» ብላ እስክሪብቶ አልይዝም ስላለችኝ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም። ለሰላምታም ጊዜ የለኝም። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሌላውን ብትተወው እንኳ ይህቺን ያዝልኝ። መኪናውን አቁም። ዛሬውኑ አቁም። ዓይንህን አትሸው፤ ቢበላህም አትሸው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድና «ኮርኒያዬን በማሽን ለኩልኝ» በላቸው። መነጽር ሻጭ አላልኩህም፤ ሐኪም።

«ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ምን ነካው» ትል ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ያልላከ አባት ብድግ ብሎ መኪና አቁም ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁ። ቃሌን የምትጽፈው ከሱቃችን ፊት ለፊት የምትኖረው ጡረተኛዋ ታይፒስት ናት፤ መዶሻችሁ ራሴን አዞረኝ እያለች ስትጮህብን የኖረችው። ያልኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ አላፍርበትምም። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ፊደል ቆርቆሮ ቆርጫለሁ፣ አጥፌያለሁ፣ በይጃለሁ፤ ከእኔ እጅ የወጣ ጣሳ አፈሰሰ ያለኝ ሰው የለም። ከአንድ ቀን በቀር። እሱን ደርሰን እናወራዋለን።

ነገሩ የጀመረው በእህትህ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ማንንም ሳታስፈቅድ መጥታ ወንበርህ ላይ ተቀመጠች። «ሴት ልጅ ቆርቆሮ ቤት ምን ልትሠራ?» ያለውን ደንበኛ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እጇ ጥሩ ነው። ካንተ ትፈጥናለች። ይህን የምልህ ላናድድህ ነው፤ ተናደድና ናልኝ።

መነጽሯ ግን አልበረክት አላት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀየረች። መነጽር ሻጩ «ቁጥሩ ጨምሯል» ይልና አዲስ ይሰጣታል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ናት። አንገቷን ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ፀሐይ ሲሆን ዓይኗን ታጠብባለች። ሥራ በፈታች ቁጥር በእጇ አንጓ ዓይኗን ትፈትገዋለች፣ ያረረ ድስት እንደሚፈትግ ሰው። እኔም «እሺው፣ ይውጣልሽ» እላታለሁ። ለአንተም ያልኩህ እሱን ነበር። ብናኝ ዓይንህ በገባ ቁጥር፣ ገና ጥርስህን ሳትቀይር፣ «ወንድ ልጅ ለብናኝ አያለቅስም፣ እሸው!» እልህ ነበር። አንተም እልኸኛ ነህ፣ ዓይንህ ደም እስኪመስል ትፈትገው ነበር። ታይፒስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ታዪኛለሽ፣ ጻፊ።

ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍተን ገና መሣሪያ እያወጣን ሳለ፣ «አባዬ፣ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገባ» አለችኝ። ምድጃው አልተቀጣጠለም ነበር። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃን ቀና አደረግኳት። ጥቁሩ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ እሷ ግን አታለቅስም፤ ያስተማርኳት እኔው አይደለሁ? እናትህ ከጓዳ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጯን ጠረገችላት። እኔ ሱቁን እንኳ አልዘጋሁም። በሩን እንደተበረገደ ትቼ እጇን ይዤ ወጣሁ።

የዓይን ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ በአንድ ወገን አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ተቀምጧል። ስማችን ሲጠራ ገባን። አንዲት ልጅ እግር ሴት ነጭ ጋውን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከእህትህ ብዙም የምትበልጥ አትመስልም። «ልጄ፣ ትልቁን ሐኪም ጥሪልኝ» አልኳት። «ትልቋ እኔ ነኝ አባባ፤ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

እህትህን አገጯን ማሽን ላይ አሳረፈቻትና ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ወደ ሌላ ማሽን ወሰደቻት። ያኛው ዓይን ላይ የብርሃን ቀለበት ያበራል፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ፤ ከዚያ ስክሪን ላይ ሥዕል ያወጣል። ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ ወደ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ደግሞ እንደ ጋለ ብረት ቀይ። ፊደል ባላውቅም ያን ሥዕል ለማንበብ ማንም አላስፈለገኝም። ቀዩ ቦታ ያለቀው ቦታ ነው።

ሐኪሟ ነገረችኝ። ከዓይን ፊት ለፊት፣ ልክ እንደ ሰዓት መስታወት፣ ኮርኒያ የምትባል ጥርት ያለች ሽፋን አለች። ድቡልቡል መሆን አለባት። የእህትህ ግን ከመሐል ሳስታለች፤ ስለሳሳች ከውስጥ ያለው ውኃ ሲገፋት ወደ ፊት ትሾጥጣለች። ስለዚህ ብርሃኑ ተሰባብሮ ይገባል፤ አንዱ ነገር ጥላና ጭራ እያወጣ ይታያል፤ መነጽርም አያቀናውም። «ልክ እንደ...» አለችና ምሳሌ ጠፋባት።

«እንደ ሳሳ ቆርቆሮ» አልኳት። «አንድ ቦታ ላይ መዶሻ የበዛበት ቆርቆሮ ከውስጥ ሲገፉት የሚወጣው እዚያው ላይ ነው።»

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የጤነኛው ውፍረት ስንት ሚሊ ነው?» አልኳት እኔ መልሼ።

«ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።»

ልጄ፣ ግማሽ ሚሊ! አንተ ታውቀዋለህ፤ እኛ ለጣሳ ክዳን እንኳ የማንመርጠው ስስ ቆርቆሮ። የሰው ልጅ ዓለምን የሚያየው በግማሽ ሚሊ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። የበሽታውን ስም ታይፒስቷ ከሐኪሟ ወረቀት ላይ አይታ ትጻፈው፤ ኬራቶኮነስ ይባላል አለች። እኔ እንደሆንኩ አልደግመውም።

ቀኝ ዓይኗ ከልክ በላይ ሳስቶ የውስጠኛው ሽፋን ተሰንጥቋል። ያ ወተት ያልኩህ በስንጥቁ የገባ ውኃ ነው። ውኃው በወራት ውስጥ ይመጠጣል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። ምናልባት ከሞተ ሰው የተለገሰ ኮርኒያ ይተካላታል፤ ወረፋ አስይዛታለች። ይህን ስትለኝ እኔ ተነሣሁ። «ምን ወረፋ አለው፣ የእኔን አውጪና ስጪያት» አልኳት። «ከሕያው ሰው አይወሰድም አባባ» አለችኝ። «እኔ ፈቅጃለሁ እኮ!» አልኳት፣ ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። «እርስዎ ቢፈቅዱም» አለችኝ። ከዚያ እኔንም ማሽኑ ላይ አስቀምጣ ለካችኝ፤ በቤተሰብ ሊኖር ይችላል ብላ። ንጹሕ ነው አለችኝ። ድቡልቡል፣ ወፍራም፣ በዚህ ዕድሜ የሚያስቀና ዓይን ነው አለችኝ። በሕይወቴ ተመስግኜ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ይህን የመሰለ ዓይን ይዤ ቤቴ ውስጥ ያለውን አላየሁም።

የግራው ዓይኗ ግን ደረስንበት። ውፍረቱ አራት መቶ ሠላሳ ነበር፤ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው የሚቆጥሩት። ከአራት መቶ በታች ከወረደ ሕክምናው ያስቸግራል፣ ብርሃኑ የውስጡን ሊጎዳው ይችላል አለች። ለዚህ ነው አቁም፣ ሂድ፣ ዛሬ የምልህ። ያንተ ስንት እንደቀረው ማን ያውቃል? አራት መቶ አምሳ ይሆናል፣ አራት መቶ አንድ ይሆናል። አንተ መሪ ይዘህ ዓይንህን በፈተግክ ቁጥር እየቀነሰ ነው።

ሕክምናው እንዲህ ነው፣ እንዳትፈራ። ዓይን በጠብታ ይደነዝዛል። የላይኛዋን ስስ ቆዳ ይገፏታል። ቢጫ የቫይታሚን ጠብታ ግማሽ ሰዓት ያህል ያንጠባጥቡበታል፣ ከዚያ ሐምራዊ ብርሃን ያበሩበታል። ቫይታሚኑና ብርሃኑ ተጋግዘው በውስጡ ያሉትን ቃጫዎች እርስ በርስ ያስተሳስሯቸዋል፣ ያጠነክሯቸዋል። ሐኪሟን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው፤ አልዋሸችኝም። «አያድነውም፤ ያቆመዋል። የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ይጠብቃል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ሌንስ ይለካላታል፤ ሌንሱ ከላይ ሆኖ የሾጠጠውን ይሸፍንና መስመሩን ያቀናል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተሠራላት። እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ስቆጥር ነበር። ሦስት ቀን አሠቃያት፤ ትራሷን ነክሳ አሳለፈችው። አራተኛው ቀን ላይ ተነሥታ «አባዬ፣ ፂምህ መላጨት አለበት» አለችኝ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ሳነባ ማንም አላየኝም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ያኔ በመጀመሪያው ቀን፣ ሥዕሉን ካየን በኋላ፣ ሐኪሟ «ወንድም ወይም እህት አላት?» አለችኝ። «ወንድም አላት፤ ግን ሰካራም ነው፣ ከቤት ወጥቷል» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ታይፒስቷ ላለስልሰው ብትለኝ አይሆንም ብያታለሁ። እህትህ የታመመ ዓይኗን በመዳፏ እንደያዘች «አባዬ፣ እሱ እኮ ጠጥቶ አያውቅም» አለች። ሐኪሟም «ሰካራም መሆኑን እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

«መስመሩ ሁለት ይሆንብኛል ይል ነበር» አልኳት።

ያን ቃል ጨርሼ አፌን ሳልዘጋ ገባኝ። ሐኪሟም ገባት፤ ወረቀቷን አስቀመጠች። ውጭ ኮሪደር ላይ የሰው ስም ይጠራሉ።

ነገሩን አንተ ታውቀዋለህ። ታይፒስቷ ግን «የምን መስመር ነው?» ብላ እስክሪብቶዋን ስላስቀመጠች ለእሷ ስል እደግመዋለሁ። ወተት አቅራቢው ሠላሳ ጣሳ አዝዞን ነበር። መስመሩን እኔ በመጫሪያ አወጣሁ፣ አንተ በመቀስ ቆረጥክ፣ እኔ ከጫፉ እየተነሣሁ አጠፍኩና በየድኩ። ጫፎቹ ስላልገጠሙ ጣሳዎቹ አፈሰሱ። ወተት አቅራቢው ሱቁ መሐል ቆሞ ጮኸብኝ። እኔ ላይ! ጠራሁህና «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩህ። «አባዬ፣ መስመሩ ሁለት ይሆንብኛል፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ አላውቅም» አልከኝ። እኔም በሰው ፊት ሳቅሁ። «ለሰካራም ምን ሁለት የማይሆን ነገር አለ!» አልኩ። ወተት አቅራቢው ንዴቱ ጠፍቶለት ሳቀ። ጫማ ሠሪው ከደጅ ሆኖ «እንግዲያው ሚስት ዳሩለት! አንዷን ሁለት አድርጎ ያያታል፣ ተጠቀመ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። አንተ ብቻ ቀይ ዓይንህን ታሽ ነበር። ያበላሸኸውን አንዱን ቁራጭ አንሥቼ ከበሩ በላይ በምስማር መታሁትና «የሰካራም ሥራ ነው፣ የገባ ሁሉ ይየው» አልኩ። እናትህ ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቀርባ አፍህን አሸተተችና «የዚህ ልጅ አፍ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «አንቺ ዝም በይ» አልኳት። ዝም አለች። እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ነው፤ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በእህትህ በኩል ነው። «አባትሽን ብላ በይው» ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

አንተ በማግሥቱ ሄድክ። ቁራጩ ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ኖረ።

ከክሊኒኩ እንደተመለስኩ ወንበር አስጠግቼ ወጣሁና ምስማሩን ነቀልኩት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ልጄ፣ እኔ ያወጣሁት መስመር እንዳለ አለ። መቀስህ አልነካውም። ከጎኑ፣ ሁለት ሚሊ ዝቅ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ማስመሪያ አስጠጋሁበት፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት የለውም። ከጓሮ ቁርጥራጭ የምንጥልበትን በርሜል ገለበጥኩት፤ የዚያን ጊዜ ሥራህ አሥራ አንድ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኳቸው። አሥራ አንዱም ሁለት ሚሊ፣ አሥራ አንዱም ወደ ታች፣ አሥራ አንዱም ቀጥ።

የሰከረ እጅ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይስታል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ቆርቆሮ ሠሪ መሆን ይበቃል። ያ እጅ አልሳተም። ያ እጅ እኔ ካስተማርኳቸው እጆች ሁሉ የጸና እጅ ነው። ያታለለውን መስመር ተከትሎ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔ ነኝ መስመሩን ከፊቴ ሰቅዬ ሁለት ዓመት ከሥሩ የገባሁትና የወጣሁት። በዚህ የሚያስቀና ዓይኔ።

ሐኪሟ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ አብሮት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ማሸቱ ያባብሰዋል እንጂ እሱ ብቻውን አያመጣውም» አለችኝ። ለማጽናናት ነው። ማጽናኛ አልጠየቅኋትም። ልጄን የት ላግኘው ነው ያልኩት።

ስልክህ ላይ ደወልኩ፤ ቁጥሩ የለም ይላል። በየቀኑ ደወልኩ፤ የለም የምትለዋ ሴት ድምፅ ሳይሰለቻት ትነግረኛለች። ጫማ ሠሪውን፣ ወተት አቅራቢውን፣ አብረውህ የተማሩትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንተን ለመፈለግ ወጥቼ የማላውቀው ሰፈር ውስጥ ጠፍቼ ፖሊስ መልሶኛል፤ ይህንን እናትህ አታውቅም።

ትናንት ነው ቆርቆሮ የሚያመጣልን ሹፌር ዕቃ እያወረደ «ልጅህን አየሁት» ያለኝ። ከእጄ ላይ መዶሻው ወደቀ። ጭነት መናኸሪያ ውስጥ፣ ከትልቅ የጭነት መኪና ላይ ስትወርድ አየሁት አለ። «ደህና ነው?» አልኩት። «ደህና ነው፤ ትንሽ ጠባዩ ተለውጧል እንጂ። ጥላ ውስጥ ቆሞ ጥቁር መነጽር አያወልቅም። ሲነዳ ደግሞ አንገቱን አዘንብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ 'አንዱን ስጨፍን መንገዱ አንድ ይሆንልኛል' ብሎ አሳቀን» አለኝ።

አሳቀን አለኝ! አንገቱን ልይዘው ነበር። እንዴት እንዳልያዝኩት አላውቅም። ምን አጠፋ? እኔ ስስቅ እኮ ማንም አንገቴን አልያዘኝም።

አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ከፊትህ የሚመጣው መኪና የትኛው ነው እውነተኛው? ብታውቅ ነው የምትነዳው? መንገድ የሚያቋርጠው ሰው ሁለት ሚሊ ወደ ጎን አይደለም የሚሆንብህ፤ አንድ ሜትር ነው። ቆርቆሮ ቢበላሽ በርሜል አለን። ያ ዓይንህ መሐል መንገድ ላይ እንደ እህትህ ቢነጣ ማን መሪውን ይይዝልሃል?

ታይፒስቷን በማስመሪያ አንድ መስመር አስምሪ ብያታለሁ። ይኸው፤

__________________________________

ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን፤ ሳትጫነው፣ እንዲሁ ሸፍነው። በግራው እይ። ከዚያ ቀይር። ያሰመርነው አንድ ነው። ከሥሩ ጥላ ካየህ፣ ጭራ ካየህ፣ ሁለተኛ መስመር ካየህ፣ ቁልፉን ለአሠሪህ ስጥና ውረድ። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ሥራ ፈት ይሉሃል፤ ይበሉህ። ስድብ እንደማይገድል ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

እዚህ ያለችው ሐኪም ስላንተ ታውቃለች። በመጣህበት ቀንና ሰዓት ወረፋ ሳትጠብቅ አየዋለሁ ብላኛለች። እዚያው ያለህበት መታየት ከቻልክ ደግሞ እዚያው ታይ፤ እኔን ላለማየት ብለህ ከሆነ እዚያው ታይ። እኔ ልይህ አላልኩም። ዓይንህ ይታይ ነው ያልኩት።

በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። አንተም ታውቃለህ። በሩ ላይ ቆመው ዋጋ ቀንስልኝ ያሉኝን ሁሉ መልሻለሁ፣ እኔም ከማንም በር ቆሜ አላውቅም። እዚህ ላይ ላዝዝህ ነበር ያሰብኩት። አባትህ ነኝና ልዘዝህ። ግን ትእዛዜ ምን እንዳደረገህ አየሁት። እሺ። እለምንሃለሁ። ጻፊው ብያለሁ፣ ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? እለምንሃለሁ። በእናትህ ዝምታ እለምንሃለሁ። በእህትህ በቀረችው አንድ ዓይን እለምንሃለሁ።

ታይፒስቷ «ይቅርታ የሚለውን ቃል የት ላይ ላድርገው?» አለችኝ።

«ማን ይቅርታ አለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ስንጽፍ ነበር ጋሼ?» አለችኝ።

እሱን አንተ ትመልስላታለህ፣ ስትመጣ።

እናትህ ሰላም በለው ብላኛለች። በቀጥታ ለእኔ ነው ያለችኝ፤ «ልጄን ሰላም በልልኝ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች። በሁለት ዓመት የሰጠችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። እህትህ ደግሞ ወንበርህን ጠርጋዋለች፤ አልለቅልህም ግን ብላለች፤ ተጣሉና ተስማሙ። ፈጣሪ ከመንገዱ ይሰውርህ። ከፊትህ ያለውን አንድ አድርጎ ያሳይህ። እግርህ የረገጠበት ይጽናልህ፣ እጅህ እንደጸናው። ይህን ደብዳቤ ያ ሹፌር ነገ ጠዋት ይዞት ይሄዳል፤ በእጅህ ካላስረከበ ከእኔ ሱቅ ቆርቆሮ አያራግፍም፤ ነግሬዋለሁ።

ታይፒስቷ ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል አስቆምኳት። አንድ ነገር አሁን ገና መጣብኝ። ይህን ሁሉ በትናንሽ ፊደል ጽፈን ለማን ነው የላክነው? እሱ በዚያ ዓይኑ ማንበብ ባይችልስ?

እንግዲህ አንተ፣ ማን እንደሆንክ የማላውቅህ፣ ይህን ለልጄ ድምፅህን ከፍ አድርገህ የምታነብለት ሰው፣ አሁን የማወራው ከአንተ ጋር ነው። ጓደኛው ሁን፣ አሠሪው ሁን፣ ሻይ ቤት ያገኘኸው መንገደኛ ሁን፤ እኔ እንኳ ሰው ጽፎልኝ ነው፣ እሱም ሰው አንብቦለት ነው፣ አናፍርም። ወረቀቱን ለአንድ አፍታ አስቀምጠው። መነጽሩን አውልቅለት። ብርሃን ወዳለበት አዙረውና ወደ መሬት ተመልከት በለው፤ አንተ ከላይ ሆነህ የታችኛውን የዓይን ቆብ እይ። የጤነኛ ሰው ቆብ ክብ ብሎ ይቀመጣል። የእሱ መሐሉ ላይ ከተገፋ፣ እንደ ቤት ጣሪያ ከሾጠጠ፣ ሐኪሟ ያሳየችኝ ምልክት እሱ ነው። ሳይሾጥጥም ቢቀር ውሰደው፤ ማሽኑ የሚያየውን እኔና አንተ አናይም። ሌላ ምንም አትጠይቀው፣ አትምከረው፣ አትሳቅበት። በተለይ አትሳቅበት። እጁን ያዝና ሐኪም ቤት ውሰደው። ይነጥቅሃል፤ እልኸኛ ነው፣ ከእኔ የወረሰው ነው። እንደገና ያዝ። ቢሰድብህም አትልቀቅ። ያ እጅ፣ ያን ቀን ሱቄ መሐል ሰው ሁሉ ሲስቅበት እኔ ልይዘው ሲገባኝ ያልያዝኩት እጅ ነው።

አባቱ፣
ቆርቆሮ ሠሪው
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)